ኮንሶ ይሻልሃል

ጋሽ ዘለቀ ማረፋቸውን የሰማሁት ደረጃ ላይ ነው። ከገበያ ስመለስ፣ እንደ ልማዴ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሽንኩርቴን አጠገቤ አስቀምጬ ጉልበቴን ሳሳርፍ፣ የሕንጻው ዘበኛ ከላይ ወረደና ኮፍያውን አውልቆ፣ «ሾሾ፣ ሙዜ አሜኤንዳ» አለኝ። አያቴ፣ ሽማግሌው ሄደዋል ማለቱ ነው። ይህን ያህል ዘመን እዚህ አገር ኖሬ ስዋሂሊዬ ከሽንኩርትና ከድንች አልፎ አያውቅም። እውነት የሆነ ቦታ የሄዱ መሰለኝ።

«የት ሄዱ? ያለ ከዘራ?» አልኩት በአማርኛ። ጠዋት ስወርድ ከዘራቸው በራቸው ላይ ተደግፋ አይቻታለሁ።

ዘበኛው አማርኛ አይሰማም። መሬት መሬቱን አየ። ያኔ ገባኝ።

እዚያው ቁጭ አልኩ። እንባው በኋላ ነው የመጣው። መጀመሪያ ወደ ልቤ የመጣው ቀኑ ነው። ሐሙስ ነበር። እሑድ ልጃቸው ይጠብቃቸዋል፤ እንግዲህ ማን ነው የሚነግረው አልኩ።

እኔ ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ፊደል የለየሁት በስተርጅና፣ መጽሐፍ ቅዱስ ማንበብ አምሮኝ ነው። ነገሬ ወዲያና ወዲህ ቢል ታገሡኝ፤ እየተንጠባጠበም ቢሆን ይደርሳል።

ናይሮቢ፣ ኢስትሊ ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ እኔ ከልጄ ቤተሰብ ጋር፣ ጋሽ ዘለቀ ብቻቸውን፣ ግድግዳ ለግድግዳ ነበርን። ግድግዳ ልበለው እንጂ እሳቸው ሲያስላቸው ውሃ የምጠጣው እኔ ነኝ። የአርባ ምንጭ ሰው ናቸው። እኔ ደግሞ ከሶዶ ነኝ፤ እዚህ ሲሆን ሶዶና አርባ ምንጭ አንድ ሰፈር ነው። ዕድሜያቸውን ሁሉ ተሳቢ ሲጎትቱ ኖረው፣ ባለቤታቸው ሲያርፉ አንድ ልጃቸውን ቢኒያምን ይዘው ናይሮቢ ገቡ። ለምን እንደመጡ አልጠየቅኳቸውም። እሳቸውም አልጠየቁኝም። እዚህ ሰው እንደዚያ አይጠያየቅም።

ቢኒ አደገና አውስትራሊያ ሄደ። የስደት ፋይላቸው ሲጀመር የአባትና ልጅ አንድ ላይ ነበር፤ መሃል ላይ ለሁለት ተከፈለ። የልጁ ወጣ። የአባቱን «ይጠብቁ» አሉ። ጠበቁ። እንዲህ የሚጠብቅ ሰው በየፎቁ አለ፤ ደረጃ ላይ ስንተላለፍ በዓይን እንተዋወቃለን።

ጋሽ ዘለቀ መንገድ ሲሻገሩ ያስፈሩኝ ነበር። ኬንያ መኪና የሚሄደው በግራ ነው፣ እኛ አገር በቀኝ። ያን ሁሉ ጊዜ ኖረው አንገታቸው አልለመደም። ሁልጊዜ ቀድመው ወደ ግራ ያያሉ፤ ማታቱው፣ የዚህ አገሩ ታክሲ፣ በቀኝ ይመጣባቸዋል። ክንዳቸውን እየጎተትኩ፣

«ኧረ ጋሽ ዘለቀ! ሾፌር አልነበሩም እንዴ?» እላለሁ።

«ሾፌር ስለነበርኩ እኮ ነው፣ እትዬ ብርቄ» ይላሉ። «ሞያሌ ላይ መንገዱ ጎን ይቀይራል። ጎማው እሺ ይላል፣ መሪውም እሺ ይላል። ሰውየው ነው እንቢ የሚለው።»

ይቺ «ጎን ይቀይራል» ለሁሉም ነገር ታገለግላቸው ነበር። አከራዩ ኪራይ ሲጨምር ጎን ቀየረ ይላሉ። ጎረቤት ሲኮራ ጎን ቀየረ። ወተት ሲበላሽ እንኳ አሸተት አድርገው፣ «ይሄም ጎን ቀይሯል» ብለው ያስቀምጡታል።

ቢኒ ከመሄዱ በፊት ኮምፒውተር ገጣጥሞላቸው ሄዷል። ከዚህም ከዚያም አሮጌውን ለቃቅሞ የሠራው ነው፤ አንድ ጎኑ መስታወት፣ ውስጡ ሰማያዊ መብራት የሚያበራ ጥቁር ሣጥን። ከሱ ጋር መሪ ነበረ። ጠረጴዛ ላይ ይታሰራል፤ እግር ሥር ደግሞ ፍሪሲዮኑ፣ ፍሬኑ፣ ነዳጁ፣ ሁሉም አለ። ከባድ መኪና የሚነዳበት ጌም ነው። ከሞያሌ ወደ ላይ የሚወጣውን የእኛን መንገድ፣ የት አገር እንዳለ የማናውቀው አንድ አበሻ ልጅ ከነኩርባው ሠርቶ ለሚፈልግ ሁሉ ለቆታል።

እኔ ይህን ሁሉ አላውቅም። አንድ ቀን ከግድግዳው ወዲያ ሞተር ሲያጓራ ሰማሁና ሄጄ አንኳኳሁ።

«ጋሽ ዘለቀ፣ ጄኔሬተር ገዙ እንዴ?»

«ይግቡ፣ ክፍት ነው! ተነሥቼ መክፈት አልችልም፣ ዳገት ላይ ነኝ!»

ገባሁ። ኮፍያቸውን አድርገው፣ ሸሚዛቸውን እስከ ላይ ቆልፈው፣ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሡ በቀኛቸው ያለችውን የፕላስቲክ ወንበር በአገጫቸው አሳዩኝ።

«ጋቢና ይግቡ።»

ከዚያ ወዲህ የጋቢናዋ ተሳፋሪ እኔ ሆንኩ። ከሰዓት በኋላ፣ ስቲማ፣ መብራት ማለቴ ነው፣ ካልሄደ፣ አተሬን በሳህን ይዤ እሄድና እሳቸው ሲነዱ እኔ እፈለፍላለሁ። ከፊት መኪና ሲመጣ ሁለት ጣታቸውን ከመሪው ላይ ከፍ አድርገው ሰላም ይላሉ። የመጣው መኪና ነጂ የለውም፤ እሳቸው ግን ሰላምታ አያስቀሩም። አንዳንዴ ባዶ መንገድ ላይ ክላክስ ያደርጋሉ።

«ምን አዩ?»

«እዚህ ጋ ከብት ይሻገራል።»

«የለም እኮ።»

«ጌሙ ላይ የለም። እዚህ ጋ ግን ይሻገራል።»

ሜጋን አለፍን፣ ያቤሎ ገባን። ቤት አለ፣ ሱቅ አለ፣ ዛፍ አለ። ሰው የለም።

«ሰዎቹስ?» አልኳቸው።

«ልጁ ብቻውን ነው የሠራው። ሰው መሥራት ያደክማል» አሉ።

ከያቤሎ ወደ ኮንሶ ታጥፈን፣ የሰገንን ሜዳ ጨርሰን ዳገቱን ስንጀምር ነው ችግሩ። መኪናው ይንገጫገጫል፣ ድምፁ ይቆራረጣል፣ ሥዕሉ ባለበት ይደርቃል። ሣጥኑ ውስጥ ያለው ማራገቢያ ይጮሃል። ከኮንሶ ወዲያ አርባ ምንጭ ነው፤ የእሳቸው ቤት። ከዚያ ወዲያ ሶዶ ነው፤ የእኔ። ሁልጊዜ እዚያው ዳገት ላይ እንቀራለን።

«ሞተር ጋለ» ይላሉ፣ እጃቸውን ከመሪው አንሥተው ጉልበታቸው ላይ እያሳረፉ። «ስሜን ዘለቀ ብለው አወጡልኝ፤ ኮንሶን ግን አልዘለቅኳትም።»

ቢኒ በስልክ ሲሰማ ሳቀ። «እርከኑ ነው አባባ! የኮንሶ እርከን ብዙ ስለሆነ ነው፣ አንዱን ባንዱ ላይ ሲስል ካርዱ አይችለውም።» እንግዲህ የኮንሶ ሰው ድንጋይ ሲደረድር የኖረው የጋሽ ዘለቀን ኮምፒውተር ሊያደክም ነው።

ይህ እንኳ ደህና ነበር። ቆይቶ ግን ማሽኑ ሰገን ላይም ይደርቅ ጀመር። ከዚያ ያቤሎ ላይ። ከዚያ ያቤሎም ሳንደርስ። መንገዱ እያጠረ መጣ። ዝም ብለው ያጠፉታል፣ ዝም ብለው ያበሩታል፣ ከሞያሌ እንደገና ይነሣሉ። እኔም ሳልናገር አተሬን እፈለፍላለሁ። አሮጊትና ሽማግሌ ሆነን በየቀኑ ከሞያሌ እየተነሣን የትም አንደርስም።

በመጨረሻ ሣጥኑን በእኔ የገበያ ጋሪ ላይ አድርገን እዚያው ኢስትሊ ወደምትሠራ ቴክኒሻን ወሰድነው። ኬንያዊት ወጣት ናት፣ ጥርሷ ላይ ብረት ያደረገች፣ ሰው አክባሪ። መስታወቱን ከፈተች፣ አቧራውን ነፋች፣ ውስጡን እንደታመመ ልጅ ግንባር በመዳፏ ዳሰሰችና፣

«ሙዜ፣ ሂ ኢሜቾካ» አለች።

ጋሽ ዘለቀ ወደ እኔ ዞሩ። «ደክሞታል ትላለች።»

ቀጥላ ብዙ አስረዳች፤ እሳቸውም ይተረጉሙልኛል። ካርዱ ቢቀየር ፓወሩ አይችለውም። ፓወሩ ቢቀየር ቦርዱ አዲሱን ካርድ አይቀበልም። ሁሉም ከተቀየረ ግን በደንብ ይሠራል፣ ለሚቀጥሉት ዓመታትም አያሳስብም። በዚያ ዋጋ ግን ደህና ኮንሶል ይገዛል። ይቺን የመጨረሻዋን ያኔ እሳቸውም አልተረጎሙልኝ፣ እኔም አልጠየቅኩ፤ በኋላ ነው ያወቅኳት። በትካዜ ወጣን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁሉም ነገር ኢሜቾካ ሆነ። ደረጃው ላይ ሲያርፉ ጉልበታቸውን መታ አድርገው «ኢሜቾካ»። የውሃው ፓምፕ ሲቆም «ኢሜቾካ»። ወረቀታቸው የት እንደደረሰ ሊጠይቁ ሄደው እንደዚያው ሲመለሱ፣ እኔ በር ላይ «እህሳ?» ስል፣ «ኢሜቾካ» ብለው ገቡ።

አሁን የእኔ ጉድ ይመጣል።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ቢኒ ይደውላል። አባቱ ጆሮ ስለከበዳቸው ስልኩን ጮክ ያደርጉታል፤ ስለዚህ እኔም ወደድኩም ጠላሁም እሰማለሁ። የዚያን እሑድ ልጁ እንዲህ ሲል ሰማሁ።

«ሁለቱንም አልችልም አባባ። ያለኝ ለአንዱ ነው። ግን እውነቱን ንገረኝ ካልከኝ፣ ኮንሶ ይሻልሃል።»

«ኮንሶ?» አሉ ጋሽ ዘለቀ።

«አዎ። ኮምፒውተሩን ተወው። እንደሱ ብቻህን ነህ። ኮንሶ ይሻልሃል።»

«እስኪ ላስብበት ልጄ። በዚህ ዕድሜዬ አዲስ ነገር መልመድ…»

ሳህኑ ከእጄ ሊወድቅ ነበር። አባቱን ወደ አገር ሊመልስ! ደግሞ ምን አለ አርባ ምንጭ ቢለው፣ ቤቱ ነው። ኮንሶ ማን አላቸው? ዳገቱን ከመውጣት ሌላ ኮንሶን አያውቋትም! ልጅ ሲርቅ እንዲህ ይሆናል እንዴ ብዬ ራቴን ሳልበላ ቀረሁ። በማግስቱ ለእህት አልማዝ ነገርኳት። እህት አልማዝ የሴቶች ኅብረታችን መሪ ናት፤ ኪሊማኒ የሚባል ሰፈር ሰው ቤት ትሠራለች፣ ድምፅዋ ማይክ አይፈልግም። ለእሷ ነገሩ ማለት ለሁሉም ነገሩ ማለት ነው።

ቅዳሜ ኅብረቱ ዳቦ ይዞ ከተፍ አለ። ጋሽ ዘለቀ ቤት ተሰብስበን ገባን። አንዷ የሱፍ ካልሲ አምጥታለች።

«ኮንሶ አይበርድም እኮ» አለቻት ሌላዋ።

«ምንም ቢሆን መንገደኛ ነው።»

«መንገደኛ ቢሆን! ቆላ ካልሲ ምን ይሠራል?»

ጋሽ ዘለቀ ግራ ገብቷቸው ከመሪው ጀርባ ቆመዋል። እህት አልማዝ ሰላም እንኳ ሳትል እጇን ዘረጋችና ጀመረች። «ጌታ ሆይ፣ ባሪያህን ዘለቀን ተመልከት! የኮንሶን መንገድ አንተ ክፈት! በዳገቱ አትተወው! እንቅፋት የሆነው ሁሉ ይወገድ!»

«አሜን!» አሉ ጋሽ ዘለቀ። ከሁላችንም በላይ የጮኹት እሳቸው ናቸው። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

ጸሎቱ ሲያበቃ የልጅ ልጄ ሩት ከዩኒቨርሲቲ ደርሳ፣ ቦርሳዋን እንዳነገበች በሩ ላይ ቆማለች።

«ምንድን ነው? ማን ሞተ?»

«ምን ያለ አፍ ነው! ጋሽ ዘለቀን እየሸኘን ነው። ኮንሶ ሊሄዱ ነው» አልኳት።

«ኮንሶ?» አሉ ጋሽ ዘለቀ። «ማን? እኔ?»

«ቢኒ ሲልዎት ሰምቻለሁ እኮ። ኮንሶ ይሻልሃል ብሏል።»

ሩት አፏን በሁለት እጇ ያዘች። «እማዬ… ኮንሶል! ኮን-ሶል ነው ያለው! ጌም መጫወቻ ነው፣ ቲቪ ላይ የሚሰካ! ኦ ማይ ጋድ፣ ሰውየውን ኮንሶ ልትሸኙ ነው?»

ካልሲ ያመጣችው ሴት ካልሲውን መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። እህት አልማዝ ወደ ጋሽ ዘለቀ ዞረች። «እና ወንድም ዘለቀ፣ አሜን ያሉት ለምንድን ነው?»

ሰውየው ኮፍያቸውን አወለቁ። «እትዬ ብርቄ መኪናዬ ኮንሶ ላይ እየቆመ ማስቸገሩን ነግረዋችሁ፣ ለሱ ልትጸልዩልኝ የመጣችሁ መስሎኝ። እኔ ደግሞ ለጌም የሚጸልይ ኅብረት አለ እንዴ ብዬ ልቤ ተነካ።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ የምገባበት ጠፋኝ። እህት አልማዝ ዳቦውን እየቆረሰች፣ «ታዲያ አሁን ጸሎቱን ምን እናድርገው?» ስትል፣ ጋሽ ዘለቀ፣ «የተጸለየ ተጸልዮአል። እንደ ሱቅ ዕቃ ሰኞ ሄጄ አልመልሰውም» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሕንጻው ሁሉ የኮንሶል ስም ኮንሶ ሆኖ ቀረ።

ሰው ሁሉ ሲሄድ እኔ ቀረሁ። ሳህን ላጥብ ብዬ ነው፤ ነገሩን ግን ማወቅ ፈልጌያለሁ።

«ታዲያ የትኛውን ይመርጣሉ?»

ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው መሪውን በመዳፋቸው አሹት። «ኮምፒውተሩን ባሳድስ ኮንሶን አልፋለሁ። አርባ ምንጭ እገባለሁ። እርስዎንም ሶዶ አደርስዎታለሁ።»

ሶዶን ማየት እንደምፈልግ ነግሬያቸው አላውቅም።

«ኮንሶሉን ብገዛ ይሄ መንገድ የለበትም» አሉ። «ልጁ መንገዱን የሠራው ለኮምፒውተር ብቻ ነው። ቢኒ ግን ኮንሶል አለው። አብረን እንጫወት፣ ኳስ፣ እኔ እዚህ ሆኜ እሱ እዚያ ሆኖ፣ እያወራን ነው የሚለው። በስልክ ‹እንዴት ነህ›፣ ‹ደህና›፣ ‹በላህ ወይ›፣ ‹በላሁ› ስንል ያልቅብናል። እጃችን ሥራ ከያዘ አፋችን ይፈታል ይላል።»

«ልጅ ነው፣ እውነቱን ነው።»

«እውነቱን ነው» አሉ። «ሜጋን አይተናል፣ ያቤሎን አይተናል። ሰው አለ? የለም። አርባ ምንጭ ብደርስም ያው ነው። ቤቴን ሠርቶት ይሆናል፤ በር የሚከፍትልኝ ሰው ግን አልሠራም። ደክሞት ነው፣ አልፈርድበትም።»

ሳህኖቹ ታጥበው ነበር፤ ደግሜ አጠብኳቸው።

«ቢኒ ያለበት ኮንሶ ይሻላል» አሉ።

ኮንሶሉ ከመገዛቱ በፊት አንዴ እንሂድ አሉኝ። ሸሚዛቸውን እስከ ላይ ቆለፉ። ያለ ወትሮው ማሽኑ ያቤሎን አለፈ፣ ሰገንንም አለፈ፣ የኮንሶ ዳገት ሥር ደረስን። የእህት አልማዝ ጸሎት ይሁን መስታወቱን ከፍተው ጎኑ ያቆሙለት ማራገቢያ፣ እንጃ። እኔ አተሬን መፈልፈል ትቻለሁ። ትንሽ ወጣን። እርከኑ አንዱ ባንዱ ላይ መታየት ሲጀምር እሳቸው እስኪደርቅ አልጠበቁም። መኪናውን ወደ ዳር አወጡት፣ ፍሬን ያዙ፣ ሞተሩን አጠፉ።

«ለምን?» አልኩ። «እየሄደ ነበር እኮ!»

«እየሄደ እያለ ማቆም ይሻላል» አሉና መሪውን ከጠረጴዛው ፈቱት።

ኮንሶሉ መጣ፤ እንደ ጡብ የቆመ ነጭ ነገር። መሪ የለው፣ ፍሬን የለው። ጆይስቲኩን እንደ መሪ ይዘው፣ ኳሱ ወደ ግራ ሲሄድ መላ ሰውነታቸውን ወደ ግራ ያዞራሉ። እኔ በቦታዬ፣ በጋቢናዬ ነኝ። የቢኒ ድምፅ ከቲቪው ይመጣል፤ እኛ ጋ ከሰዓት ነው፣ እሱ ጋ መሽቷል።

የመጀመሪያውን ግማሽ ደህና ይጫወታሉ። ከዕረፍት በኋላ ቡድኖቹ ቦታ ይለዋወጣሉ። ይህቺን ነገር አንገታቸው እንቢ አለች። ኳሷን ያገኙና በቀድሞው በኩል ይዘዋት ይበርራሉ፣ የራሳቸውን ተጫዋች ያልፋሉ፣ ይመታሉ።

«አባባ! የራስህ ግብ ነው!»

«ጎን ተቀየረ እንዴ?»

«ተቀየረ እኮ አባባ! ዕረፍት ወጥተን ገባን!»

«ሞያሌ ነዋ! ኬላ ሳይኖር ማን አወቀ?»

ልጁ እዚያ አገር ሆኖ ሲስቅ ወንበሩ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል። በሳቁ መሃል ደግሞ ሌላ ነገር ያመልጠዋል። መጋዘን ውስጥ ሲያነሣ ሲጥል ወገቡን እንደሚያመው። አንዲት ልጅ እንዳለች፣ የኤርትራ ልጅ፣ አባቷን እንደሚፈራ። አንድ እሑድ፣ «አንተን ጥዬ ስመጣ አውሮፕላኑ ውስጥ አስመለሰኝ» አለ። ጋሽ ዘለቀ ኳሷን ማንም ወደሌለበት አቀበሉ፤ «ተፈጥሮህ ነው፣ በልጅነትህም መኪና ያስመልስህ ነበር» አሉት። ልጁ ሳቀ። እኔ ግን ጎናቸው ስለነበርኩ ኮፍያቸውን ዓይናቸው ላይ ሲስቡ አየሁ።

የስኳር ሕመም ነበረባቸው፤ እሱ ነው በኋላ የጣላቸው። መጀመሪያ እግራቸው ደነዘዘ፤ በመሪው ጊዜ እንኳ ፍሬን መርገጥ ይከብዳቸው ነበር፣ ነግረውኝ አያውቁም። ቀጥሎ ጣታቸው። የጆይስቲኩን ቁልፍ ይጫኑ አይጫኑ አይታወቃቸውም። ለቢኒ እንዳልነግር አስማሉኝ።

«ታዲያ እንዴት ሊጫወቱ ነው?»

«እርስዎ ይያዙት።»

«ምን?»

«እኔ እናገራለሁ፣ እርስዎ ይጫኑ። ይቺ ለማቀበል፣ ይቺ ለመምታት ናት። ሌላውን ይተዉት።»

ወንበር ተቀያየርን። እኔ ሾፌር፣ እሳቸው ጋቢና። «በቀኝ! በቀኝ እትዬ ብርቄ!» እያሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያዝዙኛል፤ ለልጃቸው ደግሞ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያወራሉ።

«አባባ፣ ዛሬ ደግሞ ባሰብህ!» ይላል ቢኒ።

«ኢሜቾካ ልጄ።»

የመጨረሻውን እሑድ ብዙ አልተናገሩም። ጭንቅላታቸውን ግድግዳው ላይ አሳርፈው መጫወቴን ያያሉ። ጨዋታው ሲያልቅ፣ «ጋቢና ጥሩ ቦታ ነው፣ መስኮት አለው» አሉ። እዚያ ወንበር ጎን መስኮት የለም።

ሐሙስ አረፉ። ለቢኒ የነገርኩት እኔ ነኝ። ምን እንዳልኩት አላስታውስም፤ በዚያ በኩል ሲወድቅ የሰማሁትን ነገር ነው የማስታውሰው፤ ስልኩ ይሁን እሱ። መምጣት አልቻለም። ኅብረቱ ናይሮቢ ቀበራቸው፣ እሱ በሩት ስልክ አየ። እህት አልማዝ የዚያን ቀን ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ነበር።

ቀናት አለፉ። ቢኒ ደወለ። ቤቱ ሊለቀቅ ነው፤ ኮምፒውተሩን ሩት ትውሰድ፣ ልብሱን ለቸገረው ስጡ አለ።

«ኮንሶውስ?» አልኩት።

«እማማ ብርቄ፣ እኔ እሑድ እሑድ አሁንም እከፍተዋለሁ። የአባባ ስም ይመጣል። መኖሩን የምታሳየው አረንጓዴ መብራት ግን ጠፍታለች። ትንሽ እጠብቅና እዘጋዋለሁ። ልማድ ሆኖብኝ ነው።»

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስኩ ነጠላዬን ሳላወልቅ ቁልፉን ይዤ ገባሁ። ቤቱ ባዶ ነው፤ ቲቪው፣ ነጩ ጡብ፣ ሁለቱ ወንበሮች። ከሾፌሩ ወንበር ተቀመጥኩ። እንዳሳዩኝ አበራሁት። በስማቸው ላይ አረንጓዴዋ መብራት በራች።

«ማን ነው?» አለ ቢኒ። ድምፁ ፈርቷል።

«እኔ ነኝ ልጄ። ብርቄ። አባትህ ጣታቸው ከደነዘዘ ወዲህ የምጫወተው እኔ ነኝ። እሳቸው ጎኔ ሆነው ያወሩህ ነበር።»

«እነዚያ ሁሉ የራስ ግቦች…»

«የመጨረሻዎቹ የእኔ ናቸው። የፊተኞቹ የእሳቸው።»

ከዚያ፣ «እንጫወት?» አለ።

ተጫወትን። ጉልበቴን ያመኛል፣ ጣቴ እሺ አይልም፣ የሚያዝዘኝ ሰው የለም። ዕረፍት ወጣን፣ ገባን። ኳሷ እግሬ ሥር መጣች፤ ደስ አለኝ፣ ይዣት ሮጥኩ፣ ማንም አልያዘኝም፣ መታሁ። ገባች።

«አባባ! የራስህ ግ—» አለና ቆመ።

ውጭ የማታቱ ጥሩምባ ይጮሃል።

«ሞያሌ ነው ልጄ» አልኩት። «ጎን ተቀይሯል።»

አፍንጫውን ሲጠርግ ሰማሁ። ግብ የገባበት ነው የሚጀምረው፤ ኳሷ መሃል ሜዳ ተቀምጣ የምትጠብቀው እኔን ነበር። በቀኜ ያለችውን ወንበር አንዴ አየኋትና፣ ለማቀበል ያሉኝን ቁልፍ ተጫንኩ።